መዝጊያው በሌላ እጅ የሆነ ፏፏቴ፦ የጢስ ዓባይ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አስቦ ይመጣል፤ የጣና ገዳማትንና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ። ገዳማቱ ባሉበት ናቸው። ፏፏቴው ግን ከ2001 በኋላ በነበሩት ዓመታት በአንዱ ወር ፏፏቴ፣ በሌላው ወር ጥቁር ገደል እየሆነ አስጎብኚን ሲያሳፍር ከርሟል። ነገሩን ለድርቅ ብቻ የሰጡ ነበሩ። ድርቅ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ውኃው ገደሉ አፋፍ ሳይደርስ ወደ ተርባይን መዞሩ ነው።

በዚያ ዘመን ሥራዬ እንግዳ ተቀብሎ ወደ ገዳማቱና ወደ ፏፏቴው መላክ ስለነበረ ጉዳዩን የማውቀው ከቲኬት መስኮቱ በኩል ነው። የውኃውንና የኃይሉን ወገን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ የታተሙ ጥናቶችን በማንበብ ነው። የሚነሡት ሰዎች በሥራቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ወቅቱ

ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ከደቡብ ጫፉ ዓባይን በሚለቅበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚጨምረው ወይም የሚያጣው ውኃ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ ጠቡ ሁሉ የተነሣው በሐይቁ ከፍታ ላይ ባለች በጣት በምትቆጠር ሜትር ነውና።

ፏፏቴው ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎብኚው ጢስ ዓባይ በምትባለው ትንሽ ከተማ ቲኬት ይቆርጣል፣ አስጎብኚ ይይዛል፣ ከዚያ በእግሩ ይወርዳል። በመንገዱ በ1626፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በዓባይ ላይ የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፤ ሕዝቡ የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። ወንዙ እዚያ ላይ ጠብቦ በጨለማ ዐለት መካከል ስለሚያልፍ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያ ውኃ መቶ ሜትሮችን ሞልቶ ሲወድቅ ያየው ሰው ያው ወንዝ መሆኑን ማመን ይቸግረዋል። ከድልድዩ ወዲያ አቀበቱን ወጥቶ በነጠላና በቅል ሻጮች መካከል አልፎ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይደርሳል። ገደሉ ከ37 እስከ 45 ሜትር ይገመታል፤ ወንዙ ሲሞላ የውኃው ግንባር እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ርጭቱ ከሩቅ እንደ ጭስ ይታያል፣ ከቅርብ ደግሞ ልብስ ያበሰብሳል። ፊት ለፊት ያለው ዳገት በዚህ ርጭት ብቻ ዓመቱን ሙሉ ይለመልም ነበር።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ሐይቁ ግን ውኃውን ይዞ በዝግታ ስለሚለቅ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። የጎብኚው ወቅት ደግሞ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው። ማለትም ሐይቁ ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጎብኚው በሚመጣባቸው ወራት ፏፏቴውን ሞልቶ ይጠብቅ ነበር። በጥር የሚመጣ እንግዳ የነሐሴን ባያይም ደህና ውኃ ያይ ነበር። በግንቦት የሚመጣው ያኔም ቢሆን ቀጭን ውኃ ነበር የሚያገኘው፤ ፏፏቴው ዱሮ ዓመቱን ሙሉ ይሞላ እንደነበር የሚነገረው ትዝታ ያሳመረው ነው።

ኃይል ማመንጫው እንዴት ገባ

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ባሕር ዳርንና በዚያው ዘመን የተቋቋመውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያበራ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፏፏቴው በላይ ውኃው በቦይ ይጠለፋል፣ ከገደሉ ጎን ወደ ተርባይኖቹ ይወርዳል፣ ሥራውን ጨርሶ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ወንዙ ጠብታ አላጣም። የሚያጣው በጠለፋውና በመመለሻው መካከል ያለው አጭር ክፍል ብቻ ነው፤ ፏፏቴው ያለው ደግሞ በዚያ አጭር ክፍል ውስጥ ነው።

ለሦስት አስርት ዓመታት ሁለቱ ተቻችለው ኖሩ። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ የሚወስደው ከወንዙ ድርሻውን ነው። ሐይቁም በተፈጥሮ መንገዱ ስለሚለቅ ቀሪው ውኃ በገደሉ ላይ ይወርዳል። በእነዚያ ዓመታት ስለ ፏፏቴው ድርሻ የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ባይኖር አይፈረድም፤ ሳይጻፍም ይደርሰው ነበርና።

ሁኔታው የተለወጠው በሁለት ደረጃ ነው። በ1996 ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ ዝቅተኛ ግድብ ተጠናቀቀ፤ መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት። በ2001 አምስት በሮች ተጨምረው ሰባት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ከ70 ሜጋዋት በላይ አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጣና በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ማጠራቀሚያ ሆነ። የክረምቱ ውኃ ተይዞ በበጋ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይበጃል። በ50 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወድቅ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በሴኮንድ ግማሽ ሜጋዋት እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ጣቢያዎች አብረው 84 ሜጋዋት ያህል እንዲያመነጩ ከተፈለገ በሴኮንድ ከ150 ሜትር ኩብ በላይ መዋጥ አለባቸው። ዓባይ ከጣና ይዞት የሚወጣው የዓመት አማካይ ደግሞ 120 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ተርባይኖቹ በሙሉ አቅማቸው ከዞሩ፣ ከጎርፉ ወራት በስተቀር፣ ለገደሉ የሚተርፍ ነገር የለም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ጣቢያው የተሠራው ለዚህ ነው። አገሪቱም በዚያን ጊዜ የነበራት ጠቅላላ የኤሌክትሪክ አቅም ትንሽ ስለነበረ ይህ ሁለተኛ ጣቢያ ብዙ ቤት ያበራ ነበር። የ2009ን የመብራት ፈረቃ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን በቀላሉ አይፈርድበትም።

ውጤቱ ግን እንግዳ ነበር። ግድቡ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ስላሸጋገረ፣ ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ በበጋ ከቀድሞው የበለጠ ውኃ ይዞ መሄድ ጀመረ። ወንዙን በመንገድ ዳር ያየ ሰው «ዓባይ ዘንድሮ ደህና ነው» ይል ነበር። ያ ሁሉ ውኃ ፏፏቴው አጠገብ ሲደርስ ወደ ቦዩ ይታጠፋል። ስለዚህ የፏፏቴውን መድረቅ ለአካባቢው ሰው እንኳ ማስረዳት አስቸጋሪ ሆነ። ወንዙ ሞልቶ ፏፏቴው ደረቀ ሲባል ማን ያምናል?

ችግሩ በቦታው ሲታይ

በበጋው አጋማሽ ከአንድ የእንግዳ ቡድን ጋር የወረድኩበትን ቀን ልግለጽ። ሰዎቹ ጉዞውን የገዙት ከወራት በፊት፣ በመስከረም የተነሣ ፎቶግራፍ አይተው ነው። ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ወጣን። ፊት ለፊት የጠበቀን ሰፊ የባዛልት ግድግዳ ነበር፤ በአንዱ ጥግ ላይ ከነጠላ ጥለት የማይሰፋ ውኃ ይወርዳል። ከግድግዳው ላይ የደረቀ የድንጋይ ሽበት ተንጠልጥሏል። ርጭት የለም፣ ድምፅም የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ከርቀት የሚመጣው የጣቢያው ጉርምርምታ ነው። አብሮን ያለው ወጣት አስጎብኚ ከኪሱ በላስቲክ የተሸፈነ ፎቶግራፍ አውጥቶ «ሲሞላ እንዲህ ነው» እያለ ለእያንዳንዱ እንግዳ በተራ አሳየ። ፎቶግራፉ ጠርዙ ተልጦ ነበር፤ ብዙ እጅ አልፎበታል። ሰዎቹ ፎቶግራፉን ፎቶ አነሡ።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእነዚያ ዓመታት የአስጎብኚዎች የምሬት ቀልድ ነበር። ሌላም ነበር፤ የአንድ ብር ኖት ጀርባው ላይ ይህንኑ ፏፏቴ ሞልቶ የያዘ ሥዕል ነበረው። አንዳንድ ልጆች ያን ብር ለእንግዳ ዘርግተው «እዚህ ላይ አለ» ይሉ ነበር።

ጉዳቱ በማን ላይ እንዳረፈ ሲታይ ሥርጭቱ ፍትሐዊ አልነበረም። በከተማ ያለው ሆቴል ብዙ አልተጎዳም፤ እንግዳው ለገዳማቱ ሲል ያድራል። የተጎዳው ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ነው። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚያሻግረው፣ ነጠላ ሸማኔውና ቡና የምታፈላው ሴት ሁሉ የሚኖሩት እንግዳው እዚያ በሚቆይባት ሰዓት ነው። ውኃ ሲኖር እንግዳው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፣ ነጠላ ያገላብጣል። ውኃ ሲጠፋ ፎቶ ሳያነሣ ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ይመለሳል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወደ ሩቅ ከተማ ሲሄድ፣ የፏፏቴው ገንዘብ ግን እዚያው መንደር የሚቀር ነበር።

የ2003 በጋ ነገሩን አባሰው። የ2002 ክረምት ደካማ ነበር፤ ከሐይቁ የሚለቀቀው ግን ቀጠለ። በሰኔ 2003 ጣና በመዝገብ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ አለ። ለትልልቅ ጀልባዎች የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,784.75 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ የባሕር ዳርና የጎርጎራ መርከብ ጉዞ ተቋረጠ። የሐይቁ ዳርቻ ሸሽቶ ባሕር ሸሽ መሬት በብዛት ወጣ፣ ገበሬውም ወዲያው አረሰው። ደንገሉ ቀነሰ፤ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ራቅ ብለው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ለእኛ ለእንግዳ ላኪዎቹ ይህ ሁለተኛ ምት ነበር። ፏፏቴው ሲደርቅ ማካካሻ አድርገን የምናቀርበው የገዳማቱ የጀልባ ጉዞም በዚያው መዝጊያ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያኔ ነው ያየነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አስጎብኚዎቹ የወሰዱት እርምጃ ቀድሞ የመጣውና ርካሹ ነው። ፏፏቴው ዋናው ነገር መሆኑ ቀርቶ ጉዞው ዋና እንዲሆን አደረጉ። የአላታን ድልድይ ታሪክ በሚገባ አጠኑ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለመጡት ፖርቹጋላውያን፣ በ1770 እዚህ ስለደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይተርኩ ጀመር። ብሩስ ከእሱ በፊት የመጣውን ኢየሱሳዊ (ጄስዊት) ቄስ ከፏፏቴው ጀርባ ተቀምጫለሁ በማለቱ ውሸታም ነው ብሎታል፤ ውኃ በሌለበት ቀን እንግዳውን ወስዶ ቦታውን ማሳየትና «ማን ትክክል ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ብልሃት ነበር። ወፍ ለሚወዱ ወፍ፣ ለሌላው የመንደር ቤት ያሳያሉ።

ጉዞ አዘጋጆች ደግሞ ወቅት ለማዛወር ሞከሩ። ፏፏቴውን ማየት ለሚፈልግ በነሐሴና በመስከረም ና ማለት ጀመርን። በግሉ ለሚጓዝ ሰው ይህ ሠራ። ትልልቆቹ ቡድኖች ግን ከዓመት በፊት ታስረው የሚመጡት በገናና በጥምቀት ነው፤ ጥምቀትን ወደ ነሐሴ ማዛወር አይቻልም።

ውኃ እንዲለቀቅ መጠየቅም ነበር። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ የሚያውቁትን ሰው በስልክ መለመን፣ ስብሰባ ሲኖር ቅሬታ ማቅረብ የተለመደ ሆነ። አንዳንድ ቀን ውኃ ይጨምር ነበር። የእኛ ልመና ይሁን የጣቢያው የራሱ ጥገና መለየት ስለማይቻል ምንም አላስተማረንም፤ እንደ ሥርዓትም አልቆመም።

ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ ክብደት የነበረው ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ለፏፏቴው ክፍል ለተፈጥሮ ሕይወት መጠበቂያ ቢያንስ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከተፈጥሯዊው የዓመት ፍሰት 22 በመቶ ያህል እንደሚያስፈልግ አሰላ። ከሁሉም በላይ ጠቃሚው ነገር ቁጥሩ ለዓመቱ ብቻ ሳይሆን በወራት ተከፋፍሎ መቅረቡ ነው። የፏፏቴው በሽታ የዓመት አማካይ አልነበረም፤ የዓመቱ ድምር ደህና እየሆነ የበጋው ወር ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነበርና። ከዚያ በፊት «ውኃ ይለቀቅ» ለሚለው ቃል ምን ያህል ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው እርምጃ ለፏፏቴው ተብሎ የተወሰደ አይደለም። በግንቦት 2010 የበለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አካባቢ ሆኖ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ተፋሰስ ይጥለዋል። ከፍታው ከ300 ሜትር በላይ ስለሆነ ያው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ኃይል ስድስት እጥፍ ያህል ይሰጣል፤ የጣቢያው አቅም 460 ሜጋዋት ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ የጣናን ውኃ በጢስ ዓባይ ማዞር ለኃይል ሰዎች ኪሳራ ሆነ። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ወደ መጠባበቂያነት ወረዱ። ቦዩ ሥራ ሲፈታ፣ ከጨረጨራ የተለቀቀው ውኃ ወደ ጥንቱ ገደል ተመለሰ።

የሠራውና ያልሠራው

ከ2010 በኋላ ወደ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ፏፏቴውን ከበፊቱ አሥር ዓመት በተሻለ ሁኔታ አይቷል። ክረምት ሲሞላ ግንባሩ ዳር እስከ ዳር ይያዛል፤ ርጭቱ ተመልሷል፣ ዳገቱም አረንጓዴነቱን አግኝቷል። በውጤት ረገድ ችግሩ ተፈቷል ማለት የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ሆኖም መፍትሔው የመጣው ከየት እንደሆነ ካልታየ ጉዳዩ የተሳሳተ ነገር ያስተምራል። ፏፏቴውን ያዳነው የአስጎብኚዎች ጩኸት፣ የእኛ ስልክ ወይም የጥናቱ 22 በመቶ አይደለም። ያዳነው ከአጠገቡ የተሻለ ትርፍ የሚያስገኝ ሌላ ጉድጓድ መገኘቱ ነው። በለስ ደግሞ ነፃ ስጦታ አይደለም። በዕቅዱ መሠረት በአማካይ በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ውኃ ከሐይቁ ይወስዳል፤ ይህ ውኃ በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም፣ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው እጅግ ርቆ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ነው። የቀድሞው ጠለፋ ከፏፏቴው በታች መልሶ ይሰጥ ነበር፤ ይኸኛው ከጣና እስከ በለስ መገናኛ ላለው ዓባይ አይመልስም። ፏፏቴው አሁን የሚኖረው ከ120ው ውስጥ 77ቱ ከተነሣ በኋላ በሚተርፈው ነው። ሦስት ነገር ከተገጣጠመ፣ ማለትም ክረምቱ ከደከመ፣ በለስ በሙሉ አቅሙ ከሠራና መጠባበቂያ ጣቢያዎቹ ከተቀሰቀሱ፣ የ2003ን ግድግዳ መልሶ ማየት ይቻላል።

የጎብኚው ቁጥር ተመለሰ ወይ ለሚለው ጥያቄ ውኃውን ብቻ ይዞ መመለስ አይቻልም። በ2020 ኮሮና ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉዞውን ራሱን አቋረጠው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚያየው ሰው ያልነበረባቸው ክረምቶች አሉ።

ከአስጎብኚዎቹ እርምጃ የሠራው ክፍል አንድ ነው፤ እውነቱን ቀድሞ መናገር። ከባሕር ዳር ሳይነሣ «ዛሬ ውኃው ትንሽ ነው፤ ድልድዩንና ሸለቆውን ለማየት ግን ይጠቅማል» የተባለ እንግዳ ብዙም አይቆጣም ነበር። ያልተነገረው ግን በመመለሻው መንገድ ስለ ሁሉም ነገር ያማርራል፤ ስለ ምሳውም፣ ስለ ሆቴሉም። ለዚህ ነው በቲኬት መስኮቱ ላይ በየቀኑ የውኃው ሁኔታ አለመለጠፉ የሚያንገበግበኝ። ዋጋውም ለሞላውና ለደረቀው ፏፏቴ እኩል ነበር። በደረቅ ወር ቅናሽ ቢደረግ የሚጠፋው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚገኘው ግን በፎቶግራፍ ከማታለል መዳን ነበር።

ናያጋራ ላይ እንዴት ተደረገ

ይህ ጠብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በሌላ አገር በሕግ ተዳኝቷል። በናያጋራ ወንዝ ላይ ካናዳና አሜሪካ ከሁለቱም ወገን ለኃይል ውኃ ይጠልፋሉ። በ1950 የተፈራረሙት ውል ግን ለፏፏቴው ድርሻ በሰዓት ለክቶ ይሰጣል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የጎብኚ ወቅት በቀን፣ ከጠዋት እስከ ምሽት፣ በፏፏቴው ላይ በሴኮንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ ውኃ መውረድ አለበት። በሌሊትና ከጎብኚ ወቅት ውጭ ባሉት ወራት ግማሹ ይበቃል። ማለትም ሰው በሚያይበት ሰዓት ፏፏቴው ይቀድማል፤ ሰው ሲተኛ ተርባይኑ ይቀድማል። ጎብኚው ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም።

ይህ አሠራር ለጢስ ዓባይ ቢታሰብ ጠቡ ከሚመስለው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በአገራችን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከፍ የሚለው ምጣድና አምፖል አብረው በሚበሩበት ምሽት ነው። ጎብኚው ፏፏቴው ላይ የሚደርሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ማለፊያ ነው። ሁለቱ ፈላጊዎች በተመሳሳይ ሰዓት አይገናኙም። መጠባበቂያ ጣቢያዎቹ ሥራ ሲጠሩ ውኃው በቀን ለገደሉ፣ በማታ ለቦዩ ይሁን ቢባል ሁለቱም ብዙ አይጎዱም።

ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። በቀን ውስጥ ውኃን ድንገት መልቀቅና መዝጋት ለዓሣ ጥሩ አይደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ከፏፏቴው በታች ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡና የሚሻገሩ ሰዎች አሉ፤ ጠዋት በደረቀው ድንጋይ ላይ የቆመ ልጅ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊደርስበት አይገባም። የሚለቀቅበት ሰዓት ቋሚ፣ አለቃቀቁ ቀስ ያለ፣ ደወል ያለው መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ ድርሻው ለወቅት ተወስኖ ቢተው ይሻላል።

ለሌሎች ቦታዎች የሚተርፈው

የጉብኝት ቦታህ ውኃው፣ ደኑ ወይም አውሬው በሌላ መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚያድር ከሆነ፣ ዋናው ሥራ ያለው ከቲኬት መስኮቱ ውጭ ነው። በጢስ ዓባይ ጉዳይ የፏፏቴው ድርሻ መጻፍ የነበረበት በ1990ዎቹ፣ ግድቡ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነበር። ተርባይኑ ከተገዛ በኋላ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ የተለጠፈበት ስለሚሆን የሚጠይቀው ሰው ለማኝ ሆኖ ይቀርባል። የጢስ ዓባይ መንደር ሰዎች፣ ጀልባ ነጂዎቹና አስጎብኚዎቹ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ግድቡን ያስቀሩት ነበር ብዬ አላስብም። ቢያንስ ግን «ከመስቀል እስከ ጥምቀት» የምትል ቃል በአሠራሩ መመሪያ ውስጥ ትገባ ነበር።

ሁለተኛው ነገር መዝገብ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንጮህ በእጃችን ማስረጃ አልነበረም። ስንት እንግዳ በየወሩ መጣ፣ ውኃው በዚያ ቀን እንዴት ነበር፣ ስንቱ ከከተማ ሳይነሣ ሰረዘ የሚል ነገር አልተያዘም። ከአንድ ቋሚ ድንጋይ ላይ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ፎቶግራፍ ማንሣትና ከዕለቱ የቲኬት ቁጥር ጋር ማስቀመጥ ለአንድ ዘበኛ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለአምስት ዓመት ቢያዝ፣ የጥናቱ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አጠገብ የመንደሩን ገቢ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ኃይል ሰዎች የሚገባቸው ቋንቋ ይህ ነው፤ ውበት ሲባል ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፣ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እሰብቅ ነበር።

ማካካሻ መስህብ ሲታሰብ ደግሞ ከዋናው ጋር በአንድ ገመድ ያልታሰረ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ፏፏቴው ሲደርቅ ወደ ጀልባ ጉዞ መዞራችን የተሳሳተ አልነበረም፤ በ2003 ግን ሁለቱም አብረው ተያዙ። ከሐይቁ ከፍታ ጋር የማይነካኩት በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው፤ የዘጌ ልሳነ ምድር ገዳማት በየብስም መንገድ አላቸው፣ የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ ወንዙን ማየት ይቻላል፣ የአላታ ድልድይ ውኃ ቢጎድልም ድልድይ ነው። እነዚህ መንገድና ማብራሪያ ቢሟላላቸው ግማሽ ቀን የሚሞሉ ናቸው።

በጣና ዙሪያ ውኃ ፈላጊው እየበዛ ነው። ቆጋ በመርዓዊ አካባቢ ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል፤ በርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል፤ ሌሎችም ታቅደዋል። ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ለፏፏቴው ተሟጋቾች በስብሰባ ላይ የሚያነሡት ስም ሰጥቷቸዋል፣ በር የሚከፍት ሥልጣን ግን አልሰጣቸውም።

ተመሳሳይ ሁኔታ ያለበት ሌላው ቦታ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የአዋሽ ፏፏቴ ውኃ ከ1960 ጀምሮ በቆቃ ግድብ አለቃቀቅ የሚመራ ሲሆን ከፓርኩ በላይ ያሉት የሸንኮራ እርሻዎችም ይጠልፉታል። እዚያ እንግዳ የሚልክ አዘጋጅ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ለፓርኩ ጥበቃ ደውሎ ፏፏቴው ዛሬ እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚወጣበት የአንድ ስልክ ዋጋ ነው። ፓርኩ ደግሞ ያን መልስ በየቀኑ ቢመዘግብ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ ያጣነው መዝገብ እዚያ ይኖራል።